ቁምሳጥን ሙሉ አንድ ሸክላ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፦ በውሃ ቆጣሪ አንባቢነቱና በሙዚቃ ሸክላ ሰብሳቢነቱ። በስሙ የሚጠራው የለም። ወጣት ሳለ በከተማው አዳራሽ ባንድ ውስጥ ሦስተኛ ትሮምቦን ይነፋ ነበርና ጓደኞቹ «ሦስተኛው» አሉት፤ ስሙ ከአዳራሹ ተከትሎት ወጥቶ ቤታችን ገባ። እኔም ሦስተኛው ነው የምለው። «አንደኛውና ሁለተኛው ምን ቢሆኑ ነው ይሄን ያገባሽው?» እያሉ የሚያሾፉብኝ ነበሩ። አሁን የሚያሾፍም የለም። አሿፊዎቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ደግሞ ደረጃችንን መውጣት አቅቷቸዋል።

ደረጃው እኛንም አቅቶናል። የምንኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከገበያ ስመለስ በየፎቁ እያረፍኩ፣ ሕንፃውን የሠራውን መሐንዲስ በየፎቁ እየረገምኩ ነው የምደርሰው። ሦስተኛው ጉልበቱ ካበጠ ወዲህ መውረዱን እንደምንም ይወርዳል፤ መውጣቱ ነው ጣጣው። ልጃችን ነርስ ናት። አንድ ቀን ልትጠይቀን ስትመጣ መሐል ደረጃ ላይ ተቀምጠን አገኘችን፤ እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው፣ የሽንኩርቱ ዘንቢል መሐላችን። «እናንተ ሰዎች እዚሁ ደረጃ ላይ ልትሞቱብኝ ነው?» ብላ ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ ከእሷ ቤት አጠገብ ምድር ላይ ያለች ክፍል አገኘችልን። ጥሩ ክፍል ናት፣ ፀሐይ ታገኛለች፣ ግን ጠባብ ናት። «አልጋችሁና ጠረጴዛው ይገባሉ፤ ቁምሳጥኑን ግን እርሱት» አለች።

ሦስተኛው ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

ቁምሳጥኑ የሠርጌ ነው። እናቴ ለልብሴ ብላ ያሠራችው ጥሩ እንጨት ነበር። እኔ ግን አንድ ቀሚስ እንኳ ሰቅዬበት አላውቅም፤ ልብሴ ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ አልጋ ሥር በሻንጣ ነው የኖረው። ቁምሳጥኑን ሸክላ ወረሰው። ከክብደቱ የተነሣ ወለሉ ጎብጧል፣ በሩ ሲከፈት ያቃስታል። ከፊት ለፊት የምታዩት ረድፍ የልዩ ልዩ ባንዶች ሸክላ ነው። ሁሉም ትልልቅ የጃዝ ባንዶች ናቸው፣ ሁሉም በአዳራሽ፣ በሰው ፊት፣ በቀጥታ የተቀዱ። ሰው መጥቶ ሲያይ አፉን ይይዛል። «ለምንድነው ግን በቀጥታ የተቀዳ ብቻ የምትሰበስበው?» ሲሉት «የሰው ሳል ይሰማበታል፣ ብርጭቆ ሲነካካ ይሰማበታል፣ ሕይወት አለው» ይላል። ይህችን ንግግር ከአንዱ ሸክላ ጀርባ ላይ ነው ያነበባት። እሱ ራሱ አንዱንም ሰምቶ አያውቅም። በቤታችን ሸክላ ማጫወቻ ገብቶ አያውቅም።

የፊተኛው ረድፍ ለዓይን ነው። እሱን ስታነሡ ከኋላው ያለው፣ ከሥሩ ያለው፣ ጥግ ጥጉን የተጠቀጠቀው በሙሉ አንድ ሸክላ ነው። አንድ ዓይነት ማለቴ ነው። ያው ሽፋን፣ ያው ፎቶግራፍ፣ ያው የከተማችን አዳራሽ ባንድ በመድረክ ላይ። ሦስተኛው በፎቶው ላይ አለ፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ጥሩንባ ፊቱን ስለጋረደው ግን የሚታየው ጆሮው ብቻ ነው። ይህን ሸክላ ነው ባሌ ዕድሜ ልኩን ከየሰው ቤት ሲለቅም የኖረው። የሚሰበስበው ሊሰማው አይደለም። ማንም እንዳይሰማው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እኔ የአዳራሹ ካፖርት ተቀባይ ነበርኩ። ሰው ሲገባ ካፖርቱን ተቀብዬ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ እሰጣለሁ፣ ሲወጣ ቆርቆሮውን ተቀብዬ ካፖርቱን እመልሳለሁ። ባንዱን የማውቀው በዓይን አይደለም፤ በበሩ ስንጥቅ ነበር የምሰማው። ያን ዕለት ከሌላ ከተማ ሸክላ የሚቀርጹ ሰዎች መጥተው ማይክሮፎናቸውን ከጣሪያ አንጠልጥለው፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ባንዱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ ተጫወተ። የመጨረሻው ሙዚቃ ላይ አንድ ቦታ አለ። ባንዱ በሙሉ ሽምጥ እየጋለበ ይመጣና ድንገት ቀጥ ይላል። አራት ምት ያህል ዝም ይባላል። ከዚያ የነሐስ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይፈነዳና ያበቃል። ሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔም በበሩ ስንጥቅ በኩል እይዛለሁ።

ሦስተኛው በዝምታው መሐል ብቻውን ገባ። «ቧ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔማ ካፖርቶቹ መሐል ገብቼ፣ የማላውቀውን ሰው የጠጉር ኮሌታ አፌ ላይ አድርጌ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ አንድ ሰው ትሮምቦኑን እንደ እንጨት ብብቱ ሥር ሸጉጦ ላብ በላብ ሆኖ መጣና ካፖርቱን ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ገና ሳቄን እየጠረግሁ «ማነው ግን ያ እንደ ላም ያገሳው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለኝ።

ክው አልኩ። ከድንጋጤዬ የተነሣ የሌላ ሰው ካፖርት ሰጠሁት። እሱም ከድንጋጤው የተነሣ ሳያይ ለብሶ ሄደ፤ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቶበት ነበር። በማግስቱ ሊመልስ መጣ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እንዲያ እንዲያ እያልን ተጋባን። ስንተጫጭ ስለ ሙያው ያስረዳኝ ነበር። «ሦስተኛ ትሮምቦን በደንብ ከነፋ አይሰማም» ይለኝ ነበር። «ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ድምፁን ያወፍራል እንጂ እሱ ለብቻው አይለይም። ከተሰማ አጥፍቷል ማለት ነው።» እና ያን ቀን ተሰማ።

ነገሩ በዚያ ባለቀ ጥሩ ነበር። የባንዱ መሪ ግን ቀልደኛ ሰው ነበርና ሊያጽናናው ብሎ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ ሦስተኛው፤ እኛ ሁላችን ሞተን እንኳ አንተ ትሰማለህ» አለው። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቤት ገብቶ ግን እህል አልቀመሰም። ሸክላው ታትሞ በየሱቁ ሲሰቀል ባንዱን ለቀቀ፣ ትሮምቦኑን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠ፣ ውሃ ክፍል ገብቶ ቆጣሪ አንባቢ ሆነ።

ለዚህ ዓይነቱ ለቀማ ከቆጣሪ አንባቢነት የተሻለ ሥራ የለም። ቆጣሪ ያለው ማድቤት ጥግ፣ ከበር ኋላ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሳሎን ይታለፋል። ሦስተኛው አጎንብሶ ቆጣሪ የሚያነብ ይመስላል፣ ዓይኑ ግን መደርደሪያ ላይ ነው። ያችን ሽፋን ካየ አለቀለት። «እመቤት፣ ይቺን ሸክላ አይሰጡኝም? በምትኩ ሌላ አመጣለሁ» ይላል። ሰው የሚወደው ሰው ነበር፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚለምነው፤ ብዙዎቹ ይሰጡታል። «ምርጥ ሸክላ ናት፣ በደንብ ያዛት» ብለው ይመርቁታል። እሱ ታዲያ ከሥራ ሲመጣ ሸክላዋን ከቦርሳው አውጥቶ ቁምሳጥኑ ውስጥ ይሸጉጥና ከንፈሩን ይመጣል። «ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ እንዳልሰሙ ሆኑልኝ» ይላል። ሁሉም ጨዋ ሆኑበት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ስለዚያች «ቧ» ትንፍሽ ብሎለት አያውቅም፤ እሱ ይህን እንደ ምሕረት ነው የቆጠረው።

በዓል የለን፣ እረፍት የለን። በእረፍቱ ቀን አሮጌ ዕቃ ተራ ነው። እሱ ካርቶን ለካርቶን ሲያገላብጥ እኔ አንዱ ነጋዴ በሰጠኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ይመታኛል። ልጃችንን ለልጃቸው ለማጨት ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ቤታቸው ሲጋብዙን፣ ገና በሩን አልፈን ሳንቀመጥ ሦስተኛው መደርደሪያቸው ላይ ዓይኑ ተተከለ። የሙሽራው አባት ስለ ልጆቹ ሊያወራ ጉሮሮውን ሲጠርግ የኔው ሰውዬ «ያቺን ሸክላ ግን ይሰጡኛል?» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሰውየው ግራ ገባው፣ ሰጠው። የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ድረስ ልጅቷን በሸክላ የለወጥናት ነው የሚመስላት።

ደከመኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከደረጃው ይልቅ ያ ሸክላ ነው ያደከመኝ። አቧራውን የምጠርግ እኔ፣ ሽፋኑን ብል እንዳይበላው ካምፎር የማደርግ እኔ፣ ልብሴን ከሻንጣ እያወጣሁ የምተኩስ እኔ። ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ያችን ድምፅ አንድ ጊዜ መልሼ መስማት እፈልግ ነበር። እሱ የሚሸሻት ድምፅ ለኔ ባል የሰጠችኝ ድምፅ ናት። ባትቀድም ኖሮ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ቆርቆሮውን ሰጥቶኝ፣ ካፖርቱን ተቀብሎኝ፣ አመስግኖኝ ይሄድ ነበር። አንዷን ሸክላ እህቴ ቤት ወስጄ ልሰማት እችል ነበር። አላደረግሁትም። «አደራሽን እንዳትሰሚው» ብሎኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰውን ብዙ ነገር የሚለምን ሰው አይደለም።

ወደ ቤት መቀየሩ ልመለስ። ልጃችን አባቷ ሊቅ ሰብሳቢ ነው ብላ ታምናለች፤ ከኋላ ያለውን ረድፍ አይታው አታውቅም። «አባዬ ልቡ እንዳይሰበር፣ ሸክላው በማያውቅ ሰው እጅ አይወድቅም» ብላ የሸክላን ክብር የሚያውቅ ነጋዴ አፈላልጋ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዛው መጣች። ነጋዴው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። ትንሽ ማጫወቻ በሻንጣ ይዟል። ደረጃችን ጨርሶት በሩ ላይ ቆሞ ሲያለከልክ ውሃ ሰጠሁት። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ የምንቀመጠው ካርቶን ላይ ነው። ሦስተኛው ቁምሳጥኑን በጀርባው ተደግፎ ቆሟል፣ እንደ ዘበኛ።

«አባዬ፣ እስቲ ጠጋ በልለት» አለችው ልጁ።

ጠጋ አለ። ምን ያድርግ። ነጋዴው የፊተኛውን ረድፍ ሲያይ ዓይኑ በራ። አንዱን አውጥቶ ይመልሳል፣ ሌላውን አውጥቶ ያሸታል፣ «ኧረ ጋሼ፣ ኧረ ይሄንንስ ከየት አገኙት!» ይላል። ሦስተኛው የሰውየውን እጅ ነው የሚያየው። እጁ ወደ ኋላ ገባ። አንድ አወጣ። ደገመ። ያው። ሠለሰ። ያው። መነጽሩን አደረገና አንገቱን ቁምሳጥኑ ውስጥ አስገባ፣ እዚያው ቆየ።

«ጋሼ» አለ ሲወጣ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ሁሉም አንድ ናቸው።»

ልጃችን መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ አባቷን። «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አለች። እሱ ካርቶን ላይ ቁጭ አለና አንገቱን ደፋ። መናገሩ ለኔ ወደቀ። እኔም ደክሞኝ ነበርና ሳላሳምር፣ ሳልጨምር ነገርኳት፤ «ቧ»ዋን፣ የመሪውን ቀልድ፣ ቆጣሪውን፣ የአማቶቿን መደርደሪያ። ልጄ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል የአባቷን ፊት አየችና ዋጠችው።

ነጋዴው ግን ግራ ገብቶት ቆሟል። «እርስዎ ኖት እንዴ?» አለ። «አባቴ ይቺ ሸክላ ነበረችው። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ነበር የምሰማት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ የለችም፤ ‹ለውሃ ቆጣሪው ሰውዬ ሰጠሁት› አለኝ። ስንት ቀን አለቀስኩ! እስከ ዛሬ ሱቄ እየመጡ የሚጠይቁኝ አሉ፣ የት ገባች እያልኩ ስገረም ነው የኖርኩት። በከተማው አንድ እንኳ አልተዉልንም እኮ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ ሦስተኛው ቀና ሳይል። «ታዲያ አንተም ሰምተሃታል ማለት ነው።»

«ምኑን?»

«ስህተቷን ነዋ።»

«የምን ስህተት?» አለ ነጋዴው። «ጋሼ፣ እኔ ይቺን ሸክላ በቃሌ አውቃታለሁ። ስህተት የሚባል ነገር የለባትም።»

ባሌ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። ያን ቀን ግን ጉልበቱን ረስቶ ብድግ አለ። «አትሸንግለኝ!» አለ። «ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲሸነግለኝ ኖሯል፣ ይበቃኛል። ማጫወቻ ይዘህ የለም? አጫውታት!»

ልጄ እጄን ያዘችኝ። ነጋዴው ማጫወቻውን የሳህን ካርቶን ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተ፣ አንዷን ሸክላ አውጥቶ በጨርቅ ጠረገ፣ ሁለተኛውን ፊት ገልብጦ መርፌዋን ወደ መጨረሻው ሙዚቃ አወረዳት። ትንሽ ተንጫጫች። ከዚያ አዳራሹ መጣ። እንዲያው መጣ ነው የምለው፤ ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ከዚያ ባንዱ። እኔ በበር ስንጥቅ የማውቀው ሙዚቃ በሩ ተከፍቶለት ቤቴ ገባ። ሦስተኛው ተመልሶ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ጣቱ ምቱን ይቆጥራል። ባንዱ እየጋለበ፣ እየጋለበ መጣ። ቀጥ አለ። ዝም።

ፈነዳ። አለቀ። ጭብጨባ።

«ቧ» የለችም።

ነጋዴው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ይመስላል። «ሌላዋን» አለ ሦስተኛው። ሌላ ተጫወተች፤ የለችም። «ከታች ካሉት አምጣ» አለ። ከታች መጣች፤ የለችም። በዚያኛዋ ጊዜ ጣቱን አየሁት። ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ መታ፣ ሦስተኛውን ሊመታ አንሥቶ አየር ላይ ቀረበት።

«ዝምታው አጭር ነው» አለ። «አራት ምት ነበር፤ ሁለት ነው ያለው።»

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። «ያኔ እንደዚያ ያደርጉ ነበር ጋሼ» አለ። «የቴፑን ክር በምላጭ ይቆርጡና የማይፈልጉትን አውጥተው ይቀጥሉታል። ያችን ቦታ ሳቁንም ጨምረው ቆርጠዋት ይሆናል። ከመታተሟ በፊት ማለት ነው።»

ልጃችን በደስታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አየህ አባዬ! የለም እኮ! ማንም ሰምቶት አያውቅም!» አለችው። ልጅ ናት፣ ብትወልድም ልጅ ናት። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር። ሸክም ወርዶለት ይቀለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቤቱ ውስጥ የጠፋበት ዕቃ እንዳለ ሁሉ ማጫወቻዋን አየ፣ ሽፋኗን አንሥቶ ፎቶዋን አየ፣ ጥሩንባ የጋረደውን ፊቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ታዲያ እኔ የታለሁ?» አለ።

«ትሮምቦኖቹ ውስጥ አሉ ጋሼ» አለው ነጋዴው በለስላሳ ድምፅ። «ከሌሎቹ ጋር።»

ይህን ከሦስተኛው በላይ የሚያውቀው የለም፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱው ነው። አንጀቴን በላኝ። ደግሞም ተናደድኩ፣ አልደብቅም። ምላጭ የያዘውን ያን የማላውቀውን ሰው ተናደድኩበት። ባሌን ያገኘሁባትን ድምፅ ቆርጦ መጣያ ውስጥ ጥሎ፣ እኛን ባዶውን ስንሸከም አኖረን።

በኋላ ነጋዴው ሸክላዎቹን ምን እንደሚያደርግ ሲጠይቀው ሦስተኛው እጁን አወዛወዘ። «ውሰዳቸው። ለሚጠይቁህ ሰዎች ስጣቸው። እኔ የለሁባቸውም» አለ። ልጃችንና ነጋዴው እየተመላለሱ ደረጃውን ሲያወርዱ ሰነበቱ ብል ይቀላል፤ ያን ያህል ብዙ ነበር። ነጋዴው መጨረሻ ላይ ወደኔ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ማጫወቻዋን ዛሬ ልተውላችሁ፤ ነገ ቁምሳጥኑን የሚያወርዱ ሰዎች ይዤ ስመጣ እወስዳታለሁ» አለኝ። አንዷንም ሸክላ ተወልኝ። ልጄ ተረኛ ነበረች፣ ሁለታችንንም ስማ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ሁለታችን ቀረን። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፤ በመስኮቱ ገብቶ የተከፈተውን ቁምሳጥን ባዶ ሆድ ያሳያል። ሦስተኛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ሻይ ላፍላልህ ብለው አልፈልግም አለ። ጀርባህን ልሽልህ ብለው ትከሻውን ሰበቀ። ተነሥቼ ሄድኩና ነጋዴው ሲያደርግ እንዳየሁት መርፌዋን አንሥቼ አወረድኩ።

«ተይ አንቺ ሴት» አለኝ።

አልተውኩም። ከጎኑ ተቀመጥኩ። አዳራሹ መጣ፣ ባንዱ መጣ፣ ጋለበ፣ ቀጥ አለ። እኔ በዝምታው ውስጥ አፌን ከፍቼ፣ ባለኝ ድምፅ፣ «ቧ!» አልኩ።

ሦስተኛው ዘወር ብሎ አየኝ። ያበድኩ ነው የመሰለው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

«እንደሱ አልነበረም» አለ።

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

«ወፈር ይላል። ያንቺ የፍየል ነው።»

«እኔ እኮ የሰማሁት በበር ስንጥቅ ነው። በል አንተ አሳየኛ።»

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ግን ጀርባውን አቀና፣ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። ግራ እጁን ወደ ፊቱ አነሣ፣ ቀኙን ወደ ፊት ዘረጋ፤ የሌለውን ትሮምቦን ያዘው። ትከሻው ሲነሣ ሸሚዙ ሰፋበት፤ ይህን ያህል መክሳቱን ያኔ ነው ያየሁት። መርፌዋን መለስኩ። ባንዱ ጋለበ። ሦስተኛው ትንፋሹን ሳበ፣ ደረቱ ሲጢጥ እያለ ሞላ። ቀጥ አለ። ዝም። ነሐሱ ፈነዳ፣ ሙዚቃው አለቀ፣ ሰዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። «ቧ!» አለ ባሌ ያኔ፣ ጭብጨባው መሐል።

ዘገየ። ቀደምኩ ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲያፍር የኖረ ሰው ዘገየ።

ሳቅ አፈነኝ። ካፖርቶቹ መሐል እንደሳቅሁት ነው የሳቅሁት፣ አሁን ግን የምነክሰው ኮሌታ ስለሌለ ትራሱን ሳብኩ። እንባዬም መጣ፤ የየትኛው እንባ እንደሆነ አላውቅም። ሦስተኛው ክንዱን እንደዘረጋ ቆይቶ ቀስ ብሎ አወረደ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ።

«አንዴ መልሻት እስቲ» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጧል፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። አልጋውን ተደግፌ ተነሣሁና መርፌዋን መለስኩለት።